የተገለበጠው ደረጃ

«ከነገ ጀምሮ ዕቃ ክፍል ገብተሽ ጠመኔ ታድያለሽ፤ አራተኛ ‹ለ›ን ለሌላ መምህር እንሰጠዋለን» ሲላት የሰማሁት የመምህራን ክፍል በር ላይ መወልወያዬን እየጨመቅኩ ነው። ጆሮ ጠቢ አይደለሁም። በሩ ከታች ሦስት ጣት የሚያህል ክፍተት አለው፤ እኔ ደግሞ ጎንበስ ብዬ ነው የምሠራው፤ እዚያ ክፍል የሚወራው ሁሉ ሳልፈልገው ይመጣልኛል። ተናጋሪው ምክትል ርዕሰ መምህሩ ነው። እኔ አቶ ደወል እለዋለሁ፤ ሲወለድም ደወል ተደውሎለት በሰዓቱ የወጣ ነው የሚመስለኝ። የሚነገራት ደግሞ ልጄ ናት።

ጥፋቷን አንድ በአንድ ዘረዘረላት። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ልጆቹን ከክፍል አውጥታ ደረጃ ላይ አስቀምጣለች። በታሪክ ክፍለ ጊዜ ሜትር አስይዛቸዋለች። በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ትምህርት ቤቱን ማን እንደሠራው ጠይቃቸዋለች። «የሒሳብ ደብተራቸው ላይ ዓመተ ምሕረት ተጽፏል፣ የታሪክ ደብተራቸው ላይ ሚሊ ሜትር! ወላጅ ቢያይ ምን ይለናል?» አላት። ልጄ ድምጿን ሳታነሣ «ወላጅ እስካሁን ምንም አላለም» አለች። «ዛሬ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ሱፐርቫይዘሩ ከትምህርት ቢሮ ይመጣል። እሱ አይቶ ይፍረድ። ካልተቀበለው አለቀ፤ ደብዳቤውን አዘጋጅቼ ኪሴ ውስጥ አድርጌዋለሁ» አላት። ልብ በሉ፤ ፍርዱ ሳይሰጥ ደብዳቤው ተጽፏል። ዓይኑን በጨው ያጠበ ሰው ነው።

ያንን ዕቃ ክፍል ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም፤ በሳምንት ሁለት ቀን እጠርገዋለሁ። መስኮቱ አንድ ነው፣ እሱም በካርቶን ተደፍኗል። የጠመኔ ብናኝ መደርደሪያው ላይ እንደ ዱቄት ይቀመጣል። ከልጄ በፊት እዚያ የተወረወረችው መምህርት ሁለት ዓመት ስታስል ከርማ በሦስተኛው ጡረታ ወጣች። ልጄ ሠላሳ ዓመቷ ነው። እጇ ላይ ጠመኔ ማየት እወዳለሁ፤ ግን ልትጽፍበት እንጂ በደርዘን ቆጥራ ልታድለው አይደለም።

ይህን ሰምቼ ምን አደረግኩ? ምንም። ባልዲዬን አንሥቼ ሄድኩ። ከልጄ ጋር ሦስት ሳምንት አልተነጋገርንም። አንድ ቤት ነው የምንኖረው፣ ሁለት ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛ። «ብዪ» «በላሁ»፣ «በሩን ቆልፊው» «ቆልፌዋለሁ»፤ ከዚህ ያለፈ ቃል የለንም። ነገሩ የተነሣው «እማዬ፣ አሁንስ መጥረጊያውን ተዪው፤ የእኔ ደመወዝ ይበቃናል» ስላለችኝ ነው። እሷ ስለ ወገቤ አስባ ነበር፤ እኔ ግን «አሳፈርሽኝ» ያለችኝ መሰለኝና «ያንቺን ደብተር የገዛሁት በዚሁ መጥረጊያ ነው» አልኳት። «እሱን መቼ ረሳሁት?» አለችና ተነሥታ ክፍሏ ገባች። በዚያው ቀረን። ማታ ማታ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣ በማስመሪያ ስትሥል አያታለሁ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ደረጃን ግን ደረጃ መሆኑን ለማወቅ ፊደል አያስፈልግም። የሥራ ቦታዬን ደረጃ ነበር የምትሥለው። ምን ልታደርጊበት ነው ብዬ አልጠየቅኳትም። መጠየቅ ለእኔ መለመን ነው የሚመስለኝ። እሷም አልነገረችኝም። በዚያው ሰሞን ሦስት የልብስ ሰፊ ሜትር ገዝታ መጣች፤ የአንዱ ዋጋ ሦስት ዳቦ ነው፤ ዳቦው ማነሱን አይቼ እንኳ አፌን አልከፈትኩም።

ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ሲደወል የአራተኛ ‹ለ›ን ኮሪደር ልወለውል ሄድኩ። የሚወለወልበት ቀን አልነበረም። ማንም ግን አልጠየቀኝም፤ መወልወያ የያዘች አሮጊት የትም ብትቆም እንደ ግድግዳ ናት። በሩ ክፍት ነው። ሃምሳ አራት ልጆች ሦስት ሦስት ሆነው ዴስኩ ላይ ተጠጋግተዋል። ሱፐርቫይዘሩ ቀጭን ሰው ነው፤ ከኋላ ትንሽ ዴስክ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱ አገጩን ሊነካው ደርሷል። ፊቱ ሦስት ሣጥን የተሠመረበት ወረቀት ዘርግቷል፤ አንዱ ለሒሳብ፣ አንዱ ለሳይንስ፣ አንዱ ለታሪክ መሆኑን ልጄ በኋላ ነገረችኝ። አቶ ደወል እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ግድግዳ ተደግፏል።

«ድንጋይን ምን ይበላዋል?» ብላ ጀመረች ልጄ። «እግር!» ብለው ጮኹ። ከፊት የተቀመጠች ፍንጭት ልጅ አለች፤ ምላሷ የማያርፍ፣ እንደኔ። «እግር ብቻውን አይበላውም መምህርት፤ ጫማ ሥር ያለው አሸዋ ነው የሚፍቀው» አለች። «እንዴት አወቅሽ?» «ቤታችን ወለሉ ላይ አሸዋ ሲኖር አልጋ ስንገፋ ይጭረዋል። እናቴ ትገርፈኛለች።» ክፍሉ ሳቀ። ሱፐርቫይዘሩ አንዱ ሣጥን ላይ ጻፍ አደረገ።

ከዚያ ሰሌዳው ላይ ያሰፈረችውን በቃሏ ታስረዳ ጀመር፤ እኔም እየወለወልኩ ተከተልኳት። የቤተ መጻሕፍቱ ሕንፃ ከተሠራ ሃያ ዓመቱ ነው። የደረጃው ድንጋይ ከዋናው በር ደረጃ ጋር ከአንድ ቦታ የተፈለጠ ነው። ልጆቹ ባለፈው ሳምንት ለክተውት መሐሉ ሃያ ሚሊ ሜትር ጎድጉዶ አግኝተውታል። በሃያ ዓመት ሃያ ሚሊ ሜትር። «ስለዚህ በዓመት?» «አንድ!» አሉ። «እንግዲህ የዋናውን በር ደረጃ ብንለካ ትምህርት ቤታችን ስንት ዓመቱ እንደሆነ ድንጋዩ ይነግረናል ማለት ነው። ከዚያ በሩ ላይ ካለው ጽሑፍ ጋር እናስተያየዋለን።» የዋናውን በር ድንጋይ ሆን ብላ ቀድማ አላስለካችውም ነበር። እንግዳው ባለበት ይለካ፣ የሚገኘው ይገኝ ብላ። እኔ ብሆን ቀድሜ ለክቼ፣ የማይሆን ከሆነ ሌላ ነገር አስተምር ነበር። ልጄ በዚህ እኔን አትመስልም።

ተሰልፈው ወጡ። ዋናው በር ላይ አምስት ደረጃ አለ፤ የላይኛዋ፣ በሩ ሥር ያለችው፣ መሐሏ እንደ ማንኪያ ጎድጉዷል። ፍንጭቷ ማስመሪያ ከዳር እስከ ዳር አጋደመችበት፤ ሌላ ልጅ ሜትሩን ከማስመሪያው እስከ ጉድጓዱ መሐል ወጠረው። «ሠላሳ!» አለ። ሌላ ለካ፤ ሠላሳ። ሦስተኛ ለካ፤ ሠላሳ። «ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ሠላሳ ዓመቱ ነው!» ብለው አጨበጨቡ። ልጄ አላጨበጨበችም። ከበሩ በላይ ያለውን ጽሑፍ አንድ ልጅ ጮክ ብሎ አነበበ፤ ከዓመተ ምሕረቱ ተነሥተው ቀነሱ። ስልሳ ስድስት መጣ።

«ግማሹ እንኳ አልሆነም!» አለ አቶ ደወል፤ ድምፁ ውስጥ ሠርግ ነበር። «ልጆች፣ እንግዲህ ማን ዋሸ? ጽሑፉ ነው? አያችሁ፣ ሁሉም በየሰዓቱ ቢሆን ኖሮ እዚህ አንደርስም ነበር።» ሱፐርቫይዘሩ ብዕሩን ሦስቱም ሣጥን ላይ አንከራተተው። ልጄ ድንጋዩ አጠገብ ቁጢጥ አለች። አንገቷ ሥር ያለችው ጅማት ስትመታ አየኋት፤ ሕፃን ሆና ትኩሳት ሲይዛት እንደዚያ ነበር የምትመታው።

እኔ መልሱን አውቃለሁ። መልሱን ከሚያውቁት ጥቂት ሰዎች ዋነኛው ሞቷል። ግን ሦስት ሳምንት ዝም ያለ አፍ በቀላሉ አይከፈትም። ደግሞም የጽዳት ሠራተኛ በትምህርት ሰዓት ትምህርት አትሰጥም። አቶ ደወል እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ አየሁ። ባልዲውን አስቀመጥኩት።

«ድንጋዩ ተገልብጦ ነው» አልኩ።

ሃምሳ አራቱም ዞሩ። ሱፐርቫይዘሩ «እርስዎ ማን ነዎት?» አለኝ። «እናቴ ናት» አለች ልጄ። «የጽዳት ሠራተኛ ናቸው» አለ አቶ ደወል፣ እኩል። «ሁለቱም ነኝ» አልኩ፤ «አንዱ አንዱን አይከለክልም።»

ነገርኳቸው። ባሌ ግንበኛ ነበር። ልጄ በሆዴ ሳለች ይህን ደረጃ እንዲያድስ ቀጠሩት። መሐሉ ጎድጉዶ ዝናብ ሲዘንብ ኩሬ ይሆን ነበር፤ ልጆች እየተንሸራተቱ ይወድቃሉ። አዲስ ድንጋይ ውድ ነው። የተበላ ድንጋይ ሆዱ ያልተነካ ነውና ባሌ ገለበጠው፤ ከላይ የነበረውን ወደ ታች፣ ከታች የነበረውን ወደ ላይ። እኔ አሸዋ ተሸክሜ አቀርብለታለሁ፤ እየተራገምኩ ነው ታዲያ፣ ሆዴ እዚህ ድረስ ነበር። «የለካችሁት ከተገለበጠ ወዲህ ያለውን ብቻ ነው» አልኳቸው። «የበፊቱ ሥር ነው ያለው።»

ልጄ እንደ አዲስ ሰው አየችኝ። «አባዬ ነው የገለበጠው? ይህንን?»

«አባትሽ እንጂ ማን ሊሆን ነው፣ ንጉሡ?»

«ስድስት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ስረግጠው ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ ጠየቅሽኝ?»

ልጆቹ ሳቁ። እኛ ግን አልሳቅንም።

ፍንጭቷ ጎንበስ ብላ ድንጋዩን ታንኳኳ ጀመር፤ የሚከፍትላት ይመስል። «እናንሣው!» አለች። አቶ ደወል «የትምህርት ቤት ንብረት ነው! ማንም አይነካውም!» ብሎ ፊቷ ተገተረ። ሱፐርቫይዘሩ ድንጋዩን አየ፣ እኔን አየ፣ ሰዓቱን አየ። «ሃያ ደቂቃ አለኝ» አለ። ዘበኛው ድጅኖውን ይዞ መጣ። የላይኛዋ ድንጋይ በላይዋ የተጫናት ስለሌለ ለማንሣት አታስቸግርም፤ ኖራውም በአንድ በኩል ተፈርፍሮ ነበር። ልጄ ልጆቹን አሥር እርምጃ ወደኋላ አስቆመቻቸው። ያንንም በእርምጃ አስቆጠረቻቸው፤ ይህቺ ልጅ አታርፍም። ዘበኛው ድጅኖውን ሰክቶ ተንጠለጠለበት፣ ሁለት ወንድ መምህራን አገዙት፣ ድንጋይዋም እንደ ከባድ ሴት እያቃሰተች በጎኗ ቆመች፤ ከዚያ ተገለበጠች።

ጭቃና ትል ለብሳ ነበር፤ ትል ሲያይ የማይጮህ ልጅ የለምና ጮኹ። ባልዲዬን ደፋሁባት፣ በመጥረጊያዬ ፈተግኳት። ጭቃው ሲወርድ ጉድጓዱ ታየ። ልክ እንደ ላይኛው፣ ትንሽ ጠለቅ ያለ፣ ለስላሳ። ኩሬ ሲሆን የማውቀው ጉድጓድ ነው።  ፍንጭቷ ማስመሪያዋን አጋደመች። «ሠላሳ አንድ» አለች። «እንደምሩ» አለች ልጄ። ደመሩ። ስልሳ አንድ።

ሱፐርቫይዘሩ ከንፈሩን እየነካ «ስልሳ አንድ» አለ። «ጽሑፉ ስልሳ ስድስት ይላል።» «አምስት ዓመት የት ገባ?» አለ አቶ ደወል፤ አሁንም አልሞተም።  ያኔ ሱፐርቫይዘሩ ወደኔ ዞረ። በአክብሮት ነው የጠየቀኝ፤ ይህ ነው የከፋው። «እናቴ፣ እርስዎ የዚያን ጊዜ ሰው ነዎት። እነዚያ አምስት ዓመታት ምን ሆነው ነው?»

እውነቱን ልናገር፤ ውሸት ሳልጠራው መጣልኝ። በሽታ ገብቶ ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ነበር ልለው እችላለሁ። የእህል መጋዘን ሆኖ ነበር ልለው እችላለሁ። ማን ይመረምረኛል? አሮጊት ነኝ፤ አሁን ድንጋዩን ገልብጬ አሳይቻቸዋለሁ፣ የምለውን ሁሉ ያምኑኛል። ስልሳ አንድና አምስት ስልሳ ስድስት ይሞላል፣ ሱፐርቫይዘሩ ሦስቱን ሣጥን ይሞላል፣ የአቶ ደወል ደብዳቤ ኪሱ ውስጥ ይሻግታል፣ ልጄ ክፍሏን ይዛ ትቀራለች። በሕይወቴ ጥያቄ ተጠይቄ መልስ ያጣሁበት ቀን የለም፤ ገበያ ላይ ቢሉ፣ ልቅሶ ላይ ቢሉ፣ ሐኪም ፊት እንኳ ለሐኪሙ መልስ የምሰጠው እኔ ነኝ። አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ልጆቹን አየሁ። እርሳሳቸውን ይዘው ሃምሳ አራት ደብተር ከፍተዋል፤ ከአፌ የሚወጣውን ሊጽፉ ነው። ልጄም ታየኛለች። «በይ» የሚል አልነበረም ዓይኗ፤ «አትበይ» የሚልም አልነበረም። ስትጠብቅ ብቻ።

«አላውቅም» አልኩ። «እዚህ ሰፈር የመጣሁት ድንጋዩ ሊገለበጥ ሁለት ዓመት ሲቀረው ነው። ከዚያ በፊት የሆነውን አላየሁም።»

 አቶ ደወል «እንግዲህ...» ብሎ ደብዳቤውን አወጣ። የታጠፈበትን ሲዘረጋ ወረቀቱ ሲንኮሻኮሽ እሰማለሁ፤ ልጄን በገዛ አፌ ዕቃ ክፍል የከተትኳት መሰለኝ።

ልጆቹ ግን ፈነዱ። አንዱ «ያኔ ተማሪው ትንሽ ነበር፤ ትንሽ እግር ትንሽ ይበላል» አለ። ሌላዋ «ቤተ መጻሕፍት የሚገባው ሰውና በዋናው በር የሚገባው እኩል አይደለም፤ አንድ ሚሊ ሜትሩ ራሱ ልክ አይሆንም» አለች። ፍንጭቷ ከሁሉም በላይ ጮኸች፤ «ድንጋዩ ዓመት አይቆጥርም! እግር ነው የሚቆጥረው! ማንም ካልረገጠው መቶ ዓመት ቢቀመጥ አይበላም!» አለች። አንድ ደፋር ልጅ ደግሞ ወደ ጽሑፉ እየጠቆመ «ምናልባት እሱ ይሆናል የዋሸው» ሲል አቶ ደወል በዓይኑ ሊበላው ደረሰ። ልጄ አላስቆመቻቸውም። «ሁሉንም ጻፉት» አለቻቸው። «በየትኛው ደብተር?» አለ አንድ ታዛዥ ልጅ። «እጅህ ላይ ባለው» አለችው።

ሱፐርቫይዘሩ ጠጋ ብሎ «መምህርት፣ ከእነዚህ የቱ ነው ትክክለኛው?» ብሎ ጠየቃት። «እኔም አላውቅም» አለች። እናትና ልጅ በአንድ ቀን። «የት እንደሚፈለግ ግን አውቃለሁ። በየዓመቱ ስንት ልጅ እንደተመዘገበ የሚያሳይ የድሮ መዝገብ ካለ፣ እግሩን ከእሱ እንቆጥራለን።» «መዝገቡ የት ነው?» ብሎ ወደ አቶ ደወል ዞረ። «ዕቃ ክፍል... ተቆልፎበታል» አለ አቶ ደወል። «ይከፈትላቸው።» ከዚያ ሱፐርቫይዘሩ ወረቀቱን አየው። ሦስቱን ሣጥን ለመሙላት ሁለት ጊዜ ሞከረ፤ በመጨረሻ ከላይ እስከ ታች ሦስቱን አቋርጦ አንድ ነገር ጻፈ። ምን እንደጻፈ እስከ ዛሬ አላወቅንም። «ደብዳቤው ይቆይ» አለ፣ ቀና ሳይል። «እስከ መቼ?» «እስከ ወሩ መጨረሻ። ክፍሉ ከእሷ ጋር ይቆያል። አምስቱን ዓመት ፈልገው ያሳዩኝ። ካልቻሉ ያኔ እንነጋገራለን።» የላይኛዋ ደረጃ ስለሌለች ረጅም እርምጃ ተራምዶ ወረደ፤ ሊወድቅ ለጥቂት ተረፈ። አቶ ደወልም ከኋላው። ዳናችሁ አልተባልንም፤ ሦስት ሳምንት ተሰጠን።

ደወል ተደወለ፤ ከልጆቹ ግማሾቹ አልሄዱም፣ ድንጋዩ ዙሪያ ቁጭ አሉ። ዘበኛው ላቡን እየጠረገ «እትዬ፣ በየትኛው ፊቷ ልመልሳት?» አለኝ። «ባሌ እንዳስቀመጣት» አልኩት፤ «ሌላው ተራውን ጨርሷል።» ወገቤን ይዤ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። ልጄ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ቀሚሷ ጭቃ ነካው፤ አላየችውም። ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች።

«እማዬ፣ ከመጀመሪያው ንገሪኝ። አባዬ ይህን ሲሠራ ምን ወር ነበር? ከማን ጋር ነበር የሚሠራው? ስንት ተማሪ ነበረ? ያየሽውን ብቻ።»

እንዲህ ብላ ጠይቃኝ አታውቅም። እኔም እንዲህ ብዬ ነግሬያት አላውቅም። ጉሮሮዬን ጠረግኩ። «ጻፊ» አልኳት። «አባትሽና አንድ ረዳት ነበሩ፤ ረዳቱ ግራኝ ነበር። አሸዋውን የምሸከመው እኔ ነኝ። ያን ሰሞን ዝናብ ነበር።» እርሳሷ ወረቀቱ ላይ ሲሄድ አየሁት፤ ቃሌ እዚያ ላይ ሲቀመጥ። ከዚያ አሰብኩበት።

«ቆዪ» አልኳት። «ዝናቡን እርግጠኛ አይደለሁም። ሰርዢው።»

ሰረዘችው።